ጭነቱን የጫነው ማን ነው? ከባድ ተሽከርካሪ፣ ሚዛንና ሕግ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከቱሉ ዲምቱ በጎሮ በኩል ወደ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የሚያሽከረክር ሰው የአዲስ አበባን ሌላ ገጽታ ያያል። ቀን ቀን በሚኒባስና በቤት መኪና የሚጨናነቀው አስፋልት ሌሊት የከባድ ተሽከርካሪዎች ነው። ኮንቴይነር የተሸከሙ ከፊል ተሳቢዎች፣ የግንባታ ማሽን የጫኑ ሎቤዶች፣ አሸዋና ጠጠር ጢም አድርገው የሞሉ ሲኖትራኮች ተራ በተራ ያልፋሉ። ባሕር በር ለሌላት አገርና ሌት ተቀን ለምትገነባ ከተማ ይህ የደም ሥር ነው። ከባድ ተሽከርካሪ ለአንድ ቀን ቢቆም ሲሚንቶው፣ ስንዴውም ሆነ ነዳጁ ይቆማል።

ይሁን እንጂ የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ስም በጋዜጣ ላይ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሞት ነው። የከተማው ነዋሪ ለሲኖትራክ "ቀይ ሽብር" የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት በቀለሙ ብቻ አይደለም። አደጋው በደረሰ ማግስት ሁላችንም የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ሹፌሩ ምን ነካው?" ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላ አለ። ያን ሁሉ ጭነት የጫነው ማን ነው? ያን ያህል እንዲጫን ያዘዘው፣ በዚያ ሰዓት እንዲደርስ ያስቸኮለውስ? በዚህ ጽሑፍ የከባድ ተሽከርካሪን አሠራርና ሕጉን በቅደም ተከተል እያየን ወደዚህ ጥያቄ እንመጣለን። ጉዳዩ የትራንስፖርት ነጋዴን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። ቤት የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያስመጣ፣ የሥራ ተቋራጭ የሆነ ወይም ድርጅት የሚመራ ሁሉ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አለበት።

ተሳቢ፣ ከፊል ተሳቢና ገልባጭ

በእኛ አገር የከባድ መኪና ታሪክ ረዥም ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመኑ ትሬንታ ኳትሮ አንስቶ አባቶቻችን "ኤን ትሬ" እስከሚሉት ፊያት፣ ከዚያም እስከ ዛሬዎቹ የቻይና መኪናዎች ድረስ አሽከርካሪው ተሽከርካሪውን የሚጠራው በሚሸከመው ኩንታል ነው። ሕጉ ግን የሚያየው ኩንታሉን ብቻ ሳይሆን የተሽከርካሪውን አሠራርም ጭምር ነው።

ተሳቢ የምንለው ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስሎች ኖረውት፣ ሙሉ ክብደቱን ራሱ ተሸክሞ፣ በብረት ዘንግ ብቻ ከፊተኛው የጭነት መኪና ጋር የተያያዘውን ነው። ከፊል ተሳቢ ደግሞ የፊት እግር የለውም። የፊት ጫፉ በጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው የሚሽከረከር ብረት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከጭነቱ የተወሰነውን የሚሸከመው ጎታቹ ነው። በዚህ ምክንያት ከፊል ተሳቢ ከተሳቢ ይልቅ ለመቆጣጠርና ወደ ኋላ ለመንዳት ይቀላል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ "ተሳቢ ይቅር፣ በከፊል ተሳቢ ይተካ" የሚለው ሐሳብ በመንግሥትና በባለንብረቶች መካከል ብዙ ያከራከረውም አንዱ ምክንያት ደኅንነት ነበር። ገልባጩ ደግሞ ተሳቢ የሌለው፣ በአብዛኛው ባለ 3 አክስል መኪና ነው።

ከፊል ተሳቢ የራሱ ጣጣ አለው። ሲታጠፍ የኋላ እግሮቹ የፊተኞቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። በአደባባይ ወይም በጠባብ መታጠፊያ ላይ በቀኙ በኩል ቆሞ ያለ እግረኛና ሞተረኛ የሚጠቃው በዚህ ምክንያት ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን አላግባብ በድንገት ሲረግጥ ደግሞ ተሳቢው ጎታቹን ገፍቶ እንደ ሰንጢ ሊታጠፍበት ይችላል። ነዳጅ የጫነ ቦቴ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ግማሽ በጎደለ ታንከር ውስጥ ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ተሽከርካሪውን ይገፋዋል። ስለዚህም ነው የመንጃ ፈቃድ ሕጋችን የሕዝብ፣ የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት እያለ በየደረጃው የሚለየው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ይህንኑ መርህ ይዟል። አውቶሞቢል መንዳት የሚችል ሁሉ ከባድ መኪና መንዳት አይችልም።

ሚዛን ላይ የሚለካው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚዛን ጣቢያ የሚለካው የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን በአንድ አክስል ላይ ያረፈው ክብደት ነው። በአገራችን የተሽከርካሪ መጠንና ክብደት ደንብ ተለምዶ የቆየው ገደብ ለፊት መሪ አክስል 8 ቶን፣ ለኋላ ነጠላ አክስል 10 ቶን ነው። የመንገዶች አስተዳደር እንደ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሱሉልታና ሆለታ ባሉ ቦታዎች ያቆማቸው የሚዛን ጣቢያዎች ሥራ ይህን መቆጣጠር ነው።

ለምን በአክስል? መንገዱን የሚጎዳው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያረፈው ጫና ስለሆነ ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ የተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። የአክስል ጭነት ሲጨምር የመንገዱ ጉዳት የሚጨምረው በዚያው ልክ ሳይሆን በግምት በአራተኛ ኃይል ነው። በሌላ አነጋገር 10 ቶን መሆን የሚገባው አክስል 12 ቶን ከጫነ፣ ጭነቱ የጨመረው በ20 በመቶ ሲሆን የመንገዱ ጉዳት ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 20 ቶን ከጫነ 16 እጥፍ ይሆናል። ለ20 ዓመት የተሠራ መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ቆሎ የሚበተነው፣ ውኃ መውረጃው በአግባቡ ካልተሠራ ጋር ተደምሮ፣ በዚህ ሒሳብ ነው። የሚከፍለውም ግብር ከፋዩ ነው።

የአንድ ቢያጆ ሒሳብ

አሁን ወደ ቦሌና አካባቢዋ እንመለስ። በሲኤምሲ ወይም በአያት ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋ የሚያዝዘው በቢያጆ ነው። "አንድ ቢያጆ ስንት ገባ?" ይላል እንጂ "ስንት ቶን ነው?" አይልም። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገልባጭ እንውሰድ። ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ እርጥብ ከሆነ ይጨምራል። 16 ሜትር ኩብ ማለት እንግዲህ 25.6 ቶን፣ ወይም 256 ኩንታል ነው። መኪናው ባዶውን 12 ቶን ያህል ቢሆን ጠቅላላው 37.6 ቶን ይሆናል።

ሕጉስ ስንት ይፈቅዳል? ለፊት 8፣ ለሁለቱ የኋላ አክስሎች እያንዳንዳቸው 10 ብንል ከ28 ቶን አይበልጥም። ትርፉ ወደ 96 ኩንታል ነው። ፊተኛው አክስል ገደቡን ያህል ተሸከመ ብንል ሁለቱ የኋላዎቹ 14.8 ቶን ያህል ያርፍባቸዋል፤ በአራተኛው ኃይል ሒሳብ እያንዳንዱ ከሕጋዊው አክስል አምስት እጥፍ ገደማ መንገዱን ይጎዳል። ሕጉን አክብሮ ለመሄድ ያ መኪና መጫን የነበረበት 10 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የሹፌሩ ግዴለሽነትም ሆነ የትራፊክ ፖሊሱ ቸልተኝነት ገና ወደ ሒሳቡ አልገባም። ቢያጆው በታዘዘበትና ዋጋው በተነገረበት ሰዓት ሕጉ ተጥሷል።

በረዥም መንገድም ያው ነው። ባለ 6 አክስል ከፊል ተሳቢ 400 ኩንታል ጫነ ብንል ጭነቱ ብቻ 40 ቶን ነው። ከመኪናው ክብደት ጋር 56 ቶን ገደማ ይደርሳል። በእኛ ገደብ ስድስቱንም አክስሎች ለየብቻ ብንቆጥራቸው እንኳ ጣሪያው 58 ቶን ነው፤ ያውም ጭነቱ በትክክል ከተከፋፈለ። ጎረቤቶቻችን ግን ተቀራርበው የሚቀመጡ አክስሎችን በቡድን ይመዝናሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጭነት ቁጥጥር ሕግ ለሁለት ተከታታይ አክስሎች 18 ቶን፣ ለሦስት 24 ቶን ነው የተፈቀደው፤ ስለዚህ ይኸው መኪና ከ50 ቶን አያልፍም። በአውስትራሊያ ደግሞ ለባለ 6 አክስል ከፊል ተሳቢ ለረዥም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው አጠቃላይ ገደብ 42.5 ቶን ነው። ሀብታሟ አገር፣ ከእኛ የተሻለ አስፋልት ይዛ፣ የምትፈቅደው ያነሰ ነው።

ትርፍ ጭነት ከየት መጣ ብንል መልሱ ያለው ክፍያው ላይ ነው። በደርግ ዘመን የጭነት መኪናዎች በቀጠና ተደራጅተው ጭነት በተራ ይደለደልላቸው ነበር። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 14 ያን አሠራር ሽሮ ገበያውን ከፈተ። መከፈቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ወይም በቢያጆ እስከሆነ ድረስ፣ ያለ ትርፍ ጭነት የሚሄድ ባለመኪና ከጎረቤቱ ጋር መወዳደር አይችልም። ሕግ አክባሪው ከስሮ ይወጣል፤ ሕግ ጣሹ ሁለተኛ መኪና ይገዛል።

ፍሬን፣ ቁልቁለትና እንቅልፍ

አዲስ አበባ የተዘረጋችው ተዳፋት ላይ ነው። ከእንጦጦ አናት 3 ሺህ ሜትር በላይ ተነስታ ቦሌ ላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ አቃቂ ላይ ከዚያም በታች ትወርዳለች። ወደ ጂቡቲ የሚወርድ መኪና ደግሞ ይህን ሁሉ ከፍታ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ይጨርሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚሠራው ሥራ ጉልበትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ክብደት በ30 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በ30 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የጋለ ፍሬን መያዝ ያቆማል። በአደጋ ዜና ላይ "ፍሬን እምቢ ብሎት" የሚለው ዐረፍተ ነገር በብዙ አጋጣሚ ሲተረጎም፣ ከአቅም በላይ ጭኖ፣ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው በቀላል ማርሽ ወርዶ፣ ወይም የፍሬን ሸራው ካለቀ ሰንብቶ ማለት ነው። ፍሬን በድንገት እምቢ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ሲለምን የከረመ ነው።

ሌላው እንቅልፍ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. የከባድ ጭነት ተሽከርካሪዎችን የቀን እንቅስቃሴ በሰዓት መገደብ ጀመረ። ሰዓቱና የሚመለከታቸው የመኪና ዓይነቶች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ጭነት ከማዘዝ በፊት የወቅቱን መመሪያ ማረጋገጥ ይገባል። ገደቡ ለቀኑ መጨናነቅና ለእግረኛው ደኅንነት ይጠቅማል። ነገር ግን ሥራውን ወደ ሌሊት ሲያዞር የሹፌሩን ዕረፍትም ያዞረዋል። ቀኑን በኳሪ ወይም በዴፖ ሰልፍ ላይ የዋለ ሹፌር ሌሊቱን ሦስትና አራት ጊዜ እንዲመላለስ ሲታዘዝ፣ ንጋት ላይ መሪውን የያዘው ሰው ሳይሆን ድካሙ ነው። ክፍያው በምልልስ ከሆነ ደግሞ "ልረፍ" የሚል አፍ የለውም።

ሹፌሩ በወንጀል ሕግ ፊት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰውን መግደልን ይመለከታል። አንቀጹ ሦስት ደረጃ አለው። ማንም ሰው በቸልተኛነት ቢገድል ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ይሆናል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆኑ ደንቦችንና መመሪያዎችን አውቆ ተላልፎ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከመጠን በላይ መጫን ግልጽ ደንብን መተላለፍ ነው። ከደረጃው ውጪ በሆነ መንጃ ፈቃድ ማሽከርከርም እንዲሁ። ስለዚህ 256 ኩንታል አሸዋ የጫነ ሹፌር ለአሥራ አምስት ዓመት እስር በሚያደርስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው ሞተር የሚያስነሳው። በእርግጥ ፍርድ ቤት ትርፍ ጭነቱ ለሞቱ ምክንያት መሆኑን ማጣራት አለበት። ቢሆንም ጭነቱን የመጫን ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሹፌሩ አይደለም። "አልጭንም" ካለ በማግስቱ ቁልፉን ያስረክባል፤ ሌላ ሹፌር በሩ ላይ ቆሟል።

ባለንብረቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ፊት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ለባለ መኪና ምሕረት የለውም። የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ማምለጫው መኪናው በጊዜው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ ሊያቀርባቸው የሚችሉትን የተለመዱ ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘጋቸዋል። "ጥፋት የለብኝም"፣ "የአደጋው ምክንያት አልታወቀም"፣ "ላግደው አልችልም ነበር"፣ "የሦስተኛ ወገን ጥፋት ነው" ብሎ ከተጎጂው ፊት ማምለጥ አይቻልም። "ፍሬን እምቢ አለው" የሚለውም እዚያው ይቀራል። ባለቤቱን በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ የሚያወጣው የራሱ የተጎጂው ጥፋት ነው።

ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 መነሻው ግማሽ በግማሽ ነው ይላል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። የካሣ ጥያቄም ዕድሜ አለው። በአንቀጽ 2143 መሠረት በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሐዘን ላይ ሆነው፣ ሽማግሌ እየላኩ፣ "ይታያል" እየተባሉ ይህን ጊዜ ያሳለፉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

መድንስ? የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ ያደረገው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። አስገዳጅነቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የመድን ክፍያ ጣሪያ አለው፤ ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሣ ጣሪያውን ሲያልፍ ልዩነቱ የሚወጣው ከባለንብረቱ ኪስ ነው። በተጨማሪም ባለንብረቶች የራሳቸውን የመድን ውል ስለ ትርፍ ጭነት ምን እንደሚል ቢያነቡ አይከፉም። በብድር በተገዛ አንድ መኪና አራት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በአንድ ሌሊት መኪናውንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል።

ጫኚውስ? የአውስትራሊያው ሰንሰለት

እስካሁን ሹፌሩንና ባለንብረቱን አየን። የጎደለው ሰው ጭነቱን ያዘዘው፣ የጫነውና ያስቸኮለው ነው። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚለው ተረት እዚህ ላይ ተገልብጧል። እኛ የምንመታው አህያውን ነው፤ ዳውላውን የጫነው ቆሞ ያያል።

ከዚህ አንጻር የአውስትራሊያ ሕግ መታየት ያለበት ነው። አገሪቱ እንደ እኛ በረዥም መንገድ የምትኖር ናት። በበረሃማው ክፍሏ 53.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱ "የመንገድ ባቡሮች" ይሄዳሉ። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የከባድ ተሽከርካሪ ሕግ ከምዕራብ አውስትራሊያና ከሰሜናዊው ግዛት በቀር በመላ አገሪቱ ይሠራል። መደበኛ የሥራ ሰዓት ያለው ብቸኛ ሹፌር በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፤ 7 ተከታታይ ሰዓት መኪናውን አቁሞ ማረፍ አለበት። ከመነሻው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚሠራ ከሆነ ሰዓቱን በመዝገብ ይጽፋል።

ዋናው ትምህርት ግን "የኃላፊነት ሰንሰለት" የሚሉት መርህ ነው። ቀጣሪው፣ ጉዞውን የሚያቀናጀው፣ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ አሻጊው፣ ጫኚውና አራጋፊው እያንዳንዳቸው በሥራቸው ልክ የደኅንነት ግዴታ አለባቸው። ከጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ግዴታ አደጋ እስኪደርስ የሚጠብቅ አይደለም፤ አደጋን አስቀድሞ የመከላከል ግዴታ ነው። ሹፌሩ ፍጥነት እንዲጨምር ወይም ዕረፍት እንዲዘል የሚገፋ ውል መዋዋልም የተከለከለ ነው። በሰው ሕይወት ላይ አውቆ የፈረደ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ በዕፅና በእንቅልፍ እጦት የደከመ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ፖሊሶችን በገደለ ጊዜ፣ ለፍርድ የቀረበው ሹፌሩ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ ያሰማራው ድርጅትና ኃላፊዎቹም ተከሰዋል።

አንዳንዱ "አውስትራሊያ የት፣ እኛ የት?" ይል ይሆናል። ሰንሰለቱን ለመቀጠል ግን ሀብት አይጠይቅም። በኳሪው በር ላይ ያለ ሚዛን፣ በጭነት ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ክብደት፣ ያን ደረሰኝ የፈረመ ሰው ስም፤ ይኸው ነው። መንገድ ዳር ካለው ሚዛን ይልቅ መጫኛው ላይ ያለ ሚዛን ርካሽ ነው። ምክንያቱም እዚያ የሚቀነሰው አካፋ አሸዋ ነው፤ መንገድ ላይ የሚቀነሰው የሰው ሕይወት ነው።

ያለው ሕግ ምን ይፈቅዳል?

እንደ አውስትራሊያው በአንድ ቦታ ተሰናስሎ የተቀመጠ የሰንሰለት ግዴታ ባይኖረንም ሕጋችን ባዶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይካስ ይላል። አንቀጽ 2035 ደግሞ ግልጽ የሆነ የሕግ ድንጋጌን መተላለፍ በራሱ ጥፋት ነው ይላል። ጭነቱን ከገደብ በላይ ያስጫነ ነጋዴ ወይም ተቋራጭ በእነዚህ አንቀጾች ሊከሰስ የማይችልበት ምክንያት የለም። ለአንድ ጉዳት ብዙዎች ኃላፊ ሲሆኑ አንቀጽ 2155 በአንድነት ኃላፊ ያደርጋቸዋል። ተጎጂው ከአንዳቸው ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው፤ የከፈለው ደግሞ በሌሎቹ ላይ ይመለሳል።

በወንጀል በኩል መንገዱ ጠበብ ይላል። ተባባሪነት አውቆና ፈቅዶ መሳተፍን ስለሚጠይቅ፣ በቸልተኛነት ወንጀል ጫኚውን የሹፌሩ ተባባሪ ማድረግ አይቻልም። ጫኚው የራሱ ቸልተኛነት ለሞቱ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን አንቀጽ 543 "ሹፌር" ብቻ አይልም፤ "ማንም ሰው" ይላል። ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን መንገድ ላይ ከመጨረስ ወደ መጫኛው ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሊወስደው ይችላል። የጭነት ማመላለስ ውልን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 547/1999ም የማመላለሻ ሰነድን ያውቃል። ሰነዱ ላይ እውነተኛው ክብደት ቢጻፍ ማስረጃው ያለቀለት ነው። ችግሩ ሰነዱ ወይ አይጻፍም፣ ወይ የሚጻፈው "አንድ ቢያጆ" ተብሎ ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

ጭነት የምታዝዙ ሁሉ፣ ዋጋ ስትጠይቁ በቶን ወይም በሜትር ኩብ ጠይቁ። የመኪናው አክስል ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ለባለ 3 አክስል ገልባጭ ከ10 ሜትር ኩብ አሸዋ በላይ የሚያቀርብ ሰው ሕግ እየጣሰላችሁ መሆኑን እወቁ። ውል ስትዋዋሉ የመድረሻ ሰዓቱ የሹፌሩን ዕረፍት የሚያስዘልል አይሁን። ለዘገየ ቅጣት የምትጽፉ ከሆነ፣ በትርፍ ጭነት ለመጣ መኪናም ጭነቱን አለመቀበልን ጻፉ። ድርጅት የምትመሩ ደግሞ የመጫኛ ሠራተኛችሁ የፈረመበትን የክብደት ደረሰኝ በፋይል አስቀምጡ። ነገ ፍርድ ቤት ቢጠይቃችሁ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ባለንብረቶች ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ መድኑንና የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ደረጃ መኪናው ከመውጣቱ በፊት አረጋግጡ። የፍሬን ጥገና በደረሰኝ ይሁን። ሹፌሩ በምልልስ ሳይሆን በወር ደመወዝ ቢከፈለው የሌሊቱ ችኮላ ይቀንሳል። ሹፌሮችም "አልጭንም" ስትሉ በምስክር ፊት ወይም በጽሑፍ ይሁን፤ ብዙ ባያድንም በፍርድ ሚዛን ላይ ዋጋ ይኖረዋል። በአደጋ የተጎዱ ቤተሰቦች ደግሞ ከሽምግልናው ጎን ለጎን የ2 ዓመቱን ይርጋ አትርሱ፤ ለፖሊስም ጭነቱ የት እንደተጫነና ማን እንዳስጫነው በቃል መቀበያው እንዲጻፍ ጠይቁ።

ለሕግ አውጪውም አንድ ቃል። ከ208/2003 ጀምሮ እስከ 557/2016 ድረስ የትራፊክ ደንቦቻችን በአሽከርካሪው ላይ ነጥብና ቅጣት ሲያጠብቁ ቆይተዋል። ያ ያስፈልጋል፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ትርፍ ጭነት የሚወለደው መሪው ጀርባ ሳይሆን ከመኪናው ውጪ፣ ዋጋ ሲነገርና አካፋ ሲነሳ ነው። ላኪውን፣ ጫኚውንና ተቀባዩን በስም ጠርቶ የሚያስገድድ አንድ አንቀጽ ብዙ የሚዛን ጣቢያ ይተካል። እስከዚያው ድረስ ቢያጆ የምናዝዝ ሁላችን፣ ከመኪናው ኋላ የሚመጣው ክብደት በስማችን የተጫነ መሆኑን እያወቅን እንዘዝ።